መጽሐፍ ስለ ጻፉ ሴቶች ድካምና ትዕግሥት

እንጀራ በመሶብ ሆኖ የሚቀርብለት ሰው ጣዕሙን ያውቃል እንጂ የጋጋሪዋን ጭስ አያውቅም። ጤፉን ያበጠረች፥ ዱቄቱን የፈጨች፥ ሊጡን ያቦካች፥ በምጣድም ፊት ዐይንዋ እያለቀሰ የጋገረች ሴት በጓዳ ቀርታለች፤ በማዕድ የተቀመጠው ግን ቈርሶ ይበላል፥ ጠግቦም ይነሣል። መጽሐፍም እንዲሁ ነው። አንባቢው በሁለት ቀን የሚጨርሰውን ደራሲው በብዙ ዓመት ደክሞበታል፤ ስንት ጊዜ ጽፎ እንደ ፋቀ፥ ስንት ጊዜም ተስፋ ቈርጦ እንደ ተነሣ በገጹ ላይ አይታይም።

ይልቁንም ደራሲዋ ሴት በሆነች ጊዜ ድካሙ እጥፍ ነበረ። በቀድሞ ዘመን በብዙ አገር ሰዎች ብዕር ለወንድ፥ እንዝርት ለሴት የተሰጠ ነው ብለው ያስቡ ነበርና። ስለዚህ መጽሐፍ መጻፍ የወደደች ሴት አስቀድማ ከቋንቋው ጋር ሳይሆን ከልማድ ጋር፥ ከጊዜ ማጣትና ከገንዘብ ማነስ ጋር መታገል ነበረባት።

ከዚህ ቀጥሎ የአራት ሴቶች ታሪክ በአጭሩ ተጽፎአል። አንዲቱ በፈረንሳይ፥ ሁለቱ በእንግሊዝ፥ አራተኛይቱም በስዊድን አገር የኖሩ ናቸው። በመጨረሻም ኢትዮጵያዊቱ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ይታሰባሉ። የአራቱ ሴቶች ዓመቶች የተቈጠሩት በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፩ መበለቲቱ ክሪስቲን

ክሪስቲን ደ ፒዛን በ1364 ዓመት በቬኒስ ከተማ ተወለደች። አባትዋ ሕክምናንና የከዋክብትን ትምህርት ያወቀ ሊቅ ስለ ነበረ የፈረንሳይ ንጉሥ አምስተኛው ሻርል ወደ ቤተ መንግሥቱ ጠራው፤ ልጅቱም በፓሪስ አደገች። አባትዋ መማርዋን ይወድ ነበር፤ እናትዋ ግን እንደ ልማዱ ፈትል እየፈተለች እንድታድግ ትሻ ነበር። ስለዚህ ክሪስቲን ከአባትዋ ሀብተ ትምህርት የደረሳት ፍርፋሪው ብቻ እንደ ነበረ ኋላ ራስዋ ጽፋለች።

በ15 ዓመትዋ የንጉሡ ጸሐፊ ለሆነው ለኤቲየን ደ ካስቴል ተዳረች፤ ኑሮአቸውም በፍቅር ነበረ። ነገር ግን ደስታው አልረዘመም። ንጉሡ በ1380 ዓመት ሞተ፤ ከዚያም አባትዋ በድኅነት ሞተ፤ በመጨረሻም ባልዋ በወረርሽኝ በሽታ ሞተ። ያን ጊዜ እርስዋ ገና የ25 ዓመት ሴት ነበረች። ሦስት ልጆችዋና እናትዋ አንዲትም የዘመድ ልጅ በእርስዋ ትከሻ ላይ ወደቁ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፥ ባልዋ የተወውን ገንዘብ ለማግኘት ወደ ዳኛ በሄደች ጊዜ የሚከራከሩአት ሰዎች ተነሡ፤ ሙግቱም ብዙ ዓመት ፈጀ።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ክሪስቲን ሁለት መንገድ ነበራት፤ ወይ ሌላ ባል ማግባት፥ ወይም እንጀራዋን በብዕርዋ መፈለግ። እርስዋም ሁለተኛውን መረጠች። ነገር ግን ወዲያው ለመጻፍ አልተጣደፈችም፤ አስቀድማ እንደ ተማሪ ልጅ ተቀምጣ የታሪክን፥ የፍልስፍናንና የቅኔን መጻሕፍት አነበበች። ኋላም ቅኔዋን ለመሳፍንቱና ለወይዛዝርቱ እያቀረበች በሚሰጡአት ዋጋ ቤተ ሰብዋን መገበች። ስለ ራስዋ በጻፈችው ምሳሌ ኑሮዋን እንደ መርከብ አድርጋ ገልጣዋለች፤ መርከቢቱን የሚመራው ባልዋ በባሕር በሰጠመ ጊዜ መሪውን ራስዋ እንደ ያዘች፥ ከዚያም ቀን ጀምሮ ጕልበትዋ እንደ ወንድ ጕልበት እንደ ጠነከረ ተናግራለች።

ከ1399 እስከ 1405 ዓመት ድረስ ትንንሾቹን ሳይቈጥሩ 15 ታላላቅ ድርሰቶች እንደ ደረሰች፥ ሁሉም በአንድነት 70 ያህል ጥራዝ እንደ ሆኑ ራስዋ ቈጥራ ጽፋለች። በዚያን ዘመን በኤውሮፓ የመጽሐፍ ማተሚያ ገና አልተጀመረም ነበር። መጽሐፍ ሁሉ በእጅ ይገለበጥ ነበር። ብራና የዳመጠ፥ ቀለም የበጠበጠ፥ መቃ የቀረጸ ሰው የዚህን ሥራ ድካም ያውቀዋል። ክሪስቲንም ድርሰቷን ለጸሐፊዎች ሰጥታ ዝም አላለችም፤ ግልባጩን ትመረምር፥ የተሳሳተውን ታርም፥ ሥዕሉም እንደ ነገሩ ምሥጢር እንዲሣል ታዝዝ ነበር፤ አንዳንዱንም በገዛ እጅዋ ገልብጣለች።

ከመጻሕፍትዋ ሁሉ ይልቅ የታወቀው በ1405 ዓመት የጻፈችው «የእመቤቶች ከተማ» የተባለው ነው። መጽሐፉ ሲጀምር እርስዋ በክፍልዋ ተቀምጣ ሴቶችን ሁሉ የሚሰድብ አንድ መጽሐፍ ታነባለች። እንዲህ የሚሉ ሊቃውንት ብዙዎች ስለ ሆኑ ምናልባት እውነት ይሆንን ብላ ታዝናለች፥ ሴት ሆና በመፈጠርዋም ታለቅሳለች። ያን ጊዜ ሦስት እመቤቶች ይገለጡላታል፤ ስማቸውም ልቡና፥ ቅንነትና ፍትሕ ነው። እነርሱም ደጋግ ሴቶች የሚጠጉባት ከተማ እንድትሠራ ያዝዙአታል። ክሪስቲንም ከጥንት ጀምሮ የነበሩትን ጠቢባት፥ ንግሥታትና ቅዱሳት ታሪክ እንደ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያኖረች ከተማይቱን ትሠራለች። ከነዚያም መካከል በጥበብና በአስተዳደር ያመሰገነቻት የኢትዮጵያ ንግሥት ኒካውላ ትገኛለች፤ የሳባ ንግሥትም በዚያው መጽሐፍ ተመስግናለች።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ይህ ነው። ክሪስቲን የሰደቡአትን መልሳ አልሰደበችም፤ በስድብ ፈንታ ማስረጃ ሰበሰበች። ክፉ ቃል በጩኸት አይሸነፍም፤ በእውነት ግን ይሸነፋል።

፪ ጄን ኦስተንና ድምፅ የምታሰማው በር

ጄን ኦስተን በ1775 ዓመት በእንግሊዝ አገር ስቲቨንተን በምትባል መንደር ከአንድ ቄስ ተወለደች። ቤታቸው መጻሕፍት የሞላበት ስለ ነበረ ከልጅነትዋ ጀምራ ለቤተ ሰብዋ ማሣቂያ የሚሆን ትንንሽ ድርሰት ትጽፍ ነበር። የ21 ዓመት ልጅ ሳለች አንድ ረጅም ታሪክ ጻፈች። አባትዋም በ1797 ዓመት ለአንድ የሎንዶን አታሚ ደብዳቤ ጽፎ መጽሐፉን ለማየት ይወድ እንደ ሆነ ጠየቀው፤ አታሚው ግን ሳያየው እንቢ አለ።

በ1803 ዓመት ደግሞ ሌላ ድርሰትዋን አንድ አታሚ በ10 ፓውንድ ገዛት፤ ነገር ግን ገዝቶ በሣጥን አኖረው እንጂ አላተመውም። ከስድስት ዓመት በኋላ ጽፋ በጠየቀችው ጊዜ የከፈለውን 10 ፓውንድ ብትመልስ መጽሐፍዋን መውሰድ እንደምትችል መለሰላት። ገንዘቡ ግን በዚያን ጊዜ ለእርስዋ ከባድ ነበረ። አባትዋ በ1805 ዓመት ሞቶ ነበርና እናትዋ፥ እኅትዋ ካሳንድራና እርስዋ በወንድሞችዋ እርዳታ ከቤት ወደ ቤት እየተዛወሩ ይኖሩ ነበር። በነዚህ የመንከራተት ዓመቶች የጻፈችው እጅግ ጥቂት ነው።

በ1809 ዓመት ሀብታም የሆነው ወንድማቸው ቾተን በምትባል መንደር ቤት ሰጣቸው። በዚህ ጸጥታ ባለበት ቤት ጄን እንደ ገና ብዕርዋን አነሣች። የምትጽፈውም በትንሽ ጠረጴዛ ላይ፥ በትንንሽ ወረቀት ነበር። የወንድምዋ ልጅ ኋላ እንደ ተረከው፥ በሩ ሲከፈት ሲጢጥ የሚል ድምፅ ያሰማ ነበር፤ እርስዋ ግን እንዲታደስ አልወደደችም። ምክንያቱም ድምፁ ሰው መምጣቱን ይነግራት ነበርና፥ እንግዳው ሳይገባ ወረቀቱን ትሸፍነው ነበር።

የዚያ ቤት ሥራ እንዴት እንደ ተከፈለ ማወቅ ይገባል። ጄን የቁርስን ነገር ታሰናዳ ነበር፤ የቀረውን የቤት ሥራ ካሳንድራና ከእነርሱ ጋር የምትኖረው ወዳጃቸው ማርታ ሎይድ ያከናውኑ ነበር። ስለዚህ ጄን ኦስተን የጻፈቻቸውን መጻሕፍት የሚያመሰግን ሰው የሁለቱን ሴቶች ስም አብሮ ሊያነሣ ይገባዋል። እነርሱ አንድ መስመር አልጻፉም፤ ነገር ግን ጊዜ ሰጡአት። ለጸሐፊ ከሚሰጥ ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ጊዜ ነው።

በ1811 ዓመት የመጀመሪያው መጽሐፍዋ ታተመ፤ በስም ፈንታ አንዲት እመቤት የጻፈችው ተብሎ ነበር። ኪሣራው በራስዋ ላይ እንዲሆን ተስማምታ ነበር፤ ነገር ግን መጽሐፉ ተሸጦ 140 ፓውንድ አተረፈላት። በ1797 ዓመት አታሚው ሳያየው የመለሰውን ድርሰት ደግሞ አወጣችው፤ የረዘመውን አሳጠረች፥ የላላውን አጠበቀች፥ ስሙንም ለወጠች። እርሱም በ1813 ዓመት ታተመ፤ «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» የተባለው፥ እስከ ዛሬም በብዙ ቋንቋ የሚነበበው ይኸው ነው። ተጽፎ እስኪታተም 16 ዓመት ያህል ቈየ። ያን በ10 ፓውንድ የተሸጠውን ድርሰትም በ1816 ዓመት በወንድምዋ በሄንሪ እጅ በዚያው ዋጋ መልሳ ገዛችው።

ጄን ኦስተን በ1817 ዓመት በ41 ዓመትዋ ሞተች። በሕይወትዋ ሳለች በአንድ መጽሐፍዋ ላይ እንኳ ስምዋ አልታተመም፤ ለአንባቢዎች የገለጠው ከሞተች በኋላ ወንድምዋ ሄንሪ ነው። ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት አልጻፈችም፤ የጻፈችው ስለምታውቃቸው ስለ መንደር ሰዎች፥ ስለ ጋብቻ፥ ስለ ኩራትና ስለ ትሕትና ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ምሳሌ በእርስዋ ሥራ ተፈጸመ።

፫ ሻርሎት ብሮንቴና እኅቶችዋ

በሰሜን እንግሊዝ ነፋስ በበዛበት ኮረብታ ላይ ሃወርዝ የምትባል መንደር አለች። በዚያች መንደር ፓትሪክ ብሮንቴ የሚባል ቄስ ይኖር ነበር። ሚስቱ በ1821 ዓመት ስድስት ልጆች ትታ ሞተች፤ ከልጆቹም ሁለቱ ታላላቆች በ1825 ዓመት ሞቱ። የቀሩት ሻርሎት፥ ወንድምዋ ብራንዌል፥ ኤሚሊና አን ናቸው። እነዚህ ልጆች ብዙ ጓደኛ ስላልነበራቸው ከልባቸው አገር እየፈጠሩ፥ ታሪኩንም በደቃቅ ፊደል በትንንሽ ወረቀት እየጻፉ አደጉ።

ሻርሎት 20 ዓመት በሆናት ጊዜ ቅኔዋን በዚያ ዘመን የንጉሥ ባለቅኔ ተብሎ ለተሾመው ለሮበርት ሳውዚ ላከች፥ ምክሩንም ለመነች። እርሱም በ1837 ዓመት መጋቢት ወር መልስ ጻፈላት። ስጦታ እንዳላት አልካደም፤ ነገር ግን ድርሰት የሴት የሕይወት ሥራ ሊሆን አይችልም፥ አይገባምም ብሎ መከራት። ይህ ሰው ክፉ አልነበረም፤ ለማትታወቅ ልጅ ጊዜውን ሰጥቶ መልስ ጽፎአል። ምክሩ ግን የተሳሳተ ነበር። ሻርሎት በትሕትና አመሰገነችው፥ ደብዳቤውንም በክብር አኖረችው፤ ሆኖም መጻፍዋን ፈጽማ አልተወችም። ሽማግሌን ማክበርና የሽማግሌን ቃል ሁሉ መቀበል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሦስቱ እኅቶች አድገው ቤት በገቡ ጊዜ ማታ ማታ አባታቸው ወደ መኝታው ከሄደ በኋላ ልብሳቸውን መስፋት ይተዉና በመብል ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ እየተመላለሱ ስለሚጽፉት ታሪክ ይመካከሩ ነበር። አንዲቱ ታነብባለች፥ ሁለቱ ይሰማሉ፤ ያልጣማቸውንም ይናገራሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ሦስት ድሆች እኅቶች ያለ መምህር እርስ በርሳቸው መምህር ሆኑ።

በ1846 ዓመት ቅኔአቸውን ሰብስበው ከአክስታቸው ከወረሱት ገንዘብ 31 ፓውንድ ከ10 ሽልንግ ከፍለው አሳተሙ። ሰው ሴቶች መሆናቸውን አውቆ በሌላ ሚዛን እንዳይመዝናቸው ስማቸውን ካረር፥ ኤሊስና አክተን ቤል ብለው ለወጡ። በአንድ ዓመት ውስጥ የተሸጠው ሁለት መጽሐፍ ብቻ ነው። እነርሱ ግን ከማዘን ይልቅ ሦስት ረጃጅም ታሪኮች ጽፈው ለአታሚዎች መላክ ጀመሩ። የኤሚሊና የአን ድርሰት ተቀባይ አገኘ፤ የሻርሎት ግን ከአታሚ ወደ አታሚ እየዞረ ተመለሰ።

በ1846 ዓመት በነሐሴ ወር አባትዋ ዐይኑ በሞራ ተጋርዶ ስለ ነበር ለመታከም ወደ ማንቸስተር ከተማ ወሰደችው። ሐኪሙ ዐይኑን በቀደደበት በዚያው ቀን መጽሐፍዋ አልተፈለገም ተብሎ እንደ ገና ተመለሰላት። አባትዋ ዐይኑ ታስሮ በጨለማ ክፍል ተኝቶአል፤ እርስዋም በእንግዳ አገር ብቻዋን ናት፤ ጥርስዋንም ያማት ነበር። በዚያ ጊዜ ሌላ ወረቀት አውጥታ አዲስ ታሪክ ጀመረች። እርሱም «ጄን ኤር» ነው። በ1847 ዓመት ነሐሴ ላከችው፤ በጥቅምት ታተመ፤ በጥቂት ጊዜም ውስጥ በመላው እንግሊዝ ተነበበ። ከዚያ በኋላ ወደ አባትዋ ክፍል ገብታ መጽሐፍ እንደ ጻፈች ነገረችው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚህ መጽሐፍ አላወቀም ነበርና።

ስለ ሻርሎት የሕይወት ታሪክ በ1857 ዓመት የጻፈችው ወዳጅዋ ኤልሳቤጥ ጋስኬል፥ እርስዋም ራስዋ የታወቀች ደራሲ፥ አንድ ትንሽ ነገር ትተርካለች። በቤታቸው ታቢ የምትባል አሮጊት ሠራተኛ ነበረች። ዐይንዋ ስለ ደከመ ድንች ስትልጥ ጥቋቍር ነቍጦቹን ትተው ነበር። ሻርሎትም አሮጊቲቱ እንዳታፍር ብላ፥ ድርሰቱ በልብዋ እንደ ወንዝ በሚፈስበት ሰዓት እንኳ ብዕርዋን አኑራ በቀስታ ወደ ማድ ቤት ትገባና ሳህኑን ሰርቃ ታወጣ ነበር፤ ድንቹን አጥርታ መልሳ ታስቀምጠው ነበር። ይህ ማለት የቤት ሥራ ሁሉ በጸሐፊዋ ሴት ላይ ይጫን ማለት አይደለም። ነገር ግን በወረቀት ላይ ስለ ሰው ልብ የሚጽፍ ሰው በቤቱ ያለውን ሰው ልብ ሊጠብቅ እንደሚገባው ያስተምራል።

ከዚህ በኋላ ሐዘን ተከታተለ። በ1848 ዓመት መስከረም ብራንዌል፥ በታኅሣሥ ኤሚሊ፥ በ1849 ዓመት ግንቦት አን ሞቱ። ሦስቱ እኅቶች ይመላለሱበት በነበረው ጠረጴዛ ዙሪያ ሻርሎት ማታ ማታ ብቻዋን ትመላለስ ነበር። የጀመረችውን መጽሐፍ ግን ፈጸመችው፤ ሥራው ከሐዘን ጕድጓድ የሚያወጣ ገመድ ሆነላት። በ1855 ዓመት በ38 ዓመትዋ ዐረፈች።

፬ ሰልማ ላገርሎፍና ዕዳዋ

ሰልማ ላገርሎፍ በ1858 ዓመት በስዊድን አገር ቨርምላንድ በሚባል አውራጃ፥ ሞርባካ በሚባል ርስት ተወለደች። ገና ሕፃን ሳለች ዳሌዋን ታመመችና መራመድ አቃታት፤ ኋላም ስትሄድ ታነክስ ነበር። ሌሎች ልጆች ሲሮጡ እርስዋ በአያትዋ አጠገብ ተቀምጣ ተረት ትሰማ ነበር። አያትዋ በሞተች ጊዜ ሰልማ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በዚያን ቀን ወደ ተረት ዓለም የሚያስገባው በር የተዘጋ እንደ መሰላት ጽፋለች።

ከዚያ በኋላ በስቶክሆልም የመምህርነትን ትምህርት ተማረች፤ ከ1885 ዓመት ጀምራም በላንድስክሩና ከተማ በሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት 10 ዓመት አስተማረች። አባትዋ ሞቶ ነበር፤ ርስታቸው ሞርባካም ተሸጠ። ቀን እያስተማረች፥ ማታ የቨርምላንድን አሮጌ ታሪክ ለመጻፍ ትሞክር ነበር። አስቀድማ በግጥም ሞከረችው፥ አልሆነም፤ ቀጥላም እንደ ተውኔት ሞከረችው፥ አልሆነም። በዚያን ጊዜ የከበሩት ደራሲያን ደረቅ ባለ አነጋገር ይጽፉ ስለ ነበር እርስዋም እነርሱን ለመምሰል ትጥር ነበር። በመጨረሻ ግን የሌላውን ድምፅ መዋስ ትታ ልብዋ እንደ ነገራት ጻፈች፤ ያን ጊዜ ሥራው ተከናወነ። በ1890 ዓመት ኢዱን የተባለ ጋዜጣ ባደረገው ውድድር አምስት ምዕራፍ ልካ አሸነፈች፤ በ1891 ዓመትም «የዮስታ ቤርሊንግ ታሪክ» የተባለው መጽሐፍዋ ታተመ።

ኋላም የስዊድን መምህራን ማኅበር ልጆች የአገራቸውን መልክዐ ምድር የሚያውቁበት የንባብ መጽሐፍ እንድትጽፍ ለመናት። እርስዋም የተራራውንና የወንዙን ስም ብቻ አልደረደረችም፤ አንድ ሰነፍ ልጅ ትንሽ ሆኖ በዝይ ጀርባ ላይ ተቀምጦ አገሩን ሁሉ ሲዞር የሚያሳይ ታሪክ አደረገችው። ይህም መጽሐፍ በ1906 እና በ1907 ዓመት በሁለት ክፍል ወጣ፤ ለትምህርት ቤት የተጻፈው መጽሐፍ በብዙ ቋንቋ ተተረጐመ።

በ1909 ዓመት የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተሰጣት፤ ይህን ሽልማት በማግኘት ከሴቶች የመጀመሪያዋ እርስዋ ናት። በበዓሉም ማዕድ ላይ በተናገረችው ንግግር ስለ ራስዋ ክብር አልተናገረችም። ወደ ሞተው አባትዋ ሄዳ ምክር የምትጠይቅ መስላ፥ ከባድ ዕዳ እንዳለባት ነገረችው። ዕዳው የገንዘብ አልነበረም፤ ተረት ለነገሩአት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፥ ከእርስዋ በፊት ለጻፉት ደራሲያን፥ ላነበቡላትም ሰዎች ያለባት የውለታ ዕዳ ነበር። የተሸጠውንም የአባትዋን ቤት በመጽሐፍዋ ዋጋ በ1907 ዓመት መልሳ ገዛች፤ በሽልማቱም ገንዘብ መሬቱን በ1910 ዓመት መለሰች። በዚያም ቤት በ1940 ዓመት ዐረፈች።

፭ ከነዚህ ሴቶች ምን መማር ይገባል

ይህ ነገር የሩቅ አገር ነገር ብቻ እንዳይመስል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ማሰብ ይገባል። ወይዘሮ ስንዱ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። በኤውሮፓ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜም ተማርከው አዚናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ አስተማሪ ሆኑ፤ የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤትንም በዲሬክተርነት መሩ፥ ለተማሪዎቻቸውም ተውኔት ይጽፉ ነበር። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1942 ዓመተ ምሕረት «የልቤ መጽሐፍ» የተባለውን ድርሰታቸውን አሳተሙ፤ ኋላም ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ከተመረጡት መካከል የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ። የታሰረ እጅ ሲፈታ ብዕር መያዝ እንደሚችል በእርሳቸው ታየ።

እንግዲህ የእነዚህን ሁሉ ሴቶች ኑሮ የመረመረ ሰው አራት ነገር ያገኛል።

የመጀመሪያው ትዕግሥት ነው። ክሪስቲን ከመጻፍዋ በፊት አነበበች፤ ጄን 16 ዓመት ጠበቀች፤ ሰልማ ሁለት ጊዜ ተሳስታ በሦስተኛው አገኘችው። ጽፎ መፋቅ ውርደት አይደለም፤ የጸሐፊ ሥራ ግማሹ መፋቅ ነው።

ሁለተኛው እውነት ነው። እያንዳንዲቱ የምታውቀውን ጻፈች። ሰው ያላየውን ቤተ መንግሥት ከሚገልጥ ይልቅ የሚያውቀውን ጓዳ ቢገልጥ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ያለ ጊዜና ያለ ጸጥታ መጽሐፍ እንደማይጻፍ ማወቅ ነው። ክሪስቲን ክፍል ነበራት፤ ጄን ሥራዋን የሚያግዙ ሁለት ሴቶች ነበሩአት፤ ሰልማ ትምህርት ቤት ነበራት። ብልህ ሆነው ሳለ ውኃ ሲቀዱ፥ እንጨት ሲለቅሙ፥ ታናናሾቻቸውን ሲያዝሉ ፊደል ሳይቈጥሩ የቀሩ ሴቶች ልጆች በየአገሩ ስንት ናቸው? የእነርሱ መጽሐፍ አልተቃጠለም፥ አልጠፋምም፤ ከቶ ሳይጻፍ ቀረ። ስለዚህ ወንድም እኅቱ ስታጠና ማድጋውን ቢሸከምላት፥ አባትም ለልጁ የመብራት ዘይት ቢገዛላት፥ ምናልባት አንድ መጽሐፍ አብረው መጻፋቸው ይሆናል።

አራተኛው ምስጋና ነው። መጽሐፍ የጻፈ ሁሉ ከአያቱ ተረት፥ ከመምህሩ ተግሣጽ፥ ከጓደኛው ምክር ተበድሮ ነው። ይህን ዕዳ የሚያስብ አይታበይም።

የሚጽፍ ሁሉ ስሙ ይታወቃል ማለት ግን አይደለም። የሦስቱን እኅቶች ቅኔ በመጀመሪያው ዓመት የገዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ነገር ግን እነዚያ እኅቶች ገዢውን ቈጥረው ብዕራቸውን ቢጥሉት ኖሮ፥ ከዚያ በኋላ የመጣውን መጽሐፍ ማንም ባላነበበ ነበር። ስለዚህ ልጆች ሆይ፥ በደብተራችሁ ላይ ዛሬ የጻፋችሁት አንድ ገጽ ደካማ ቢሆን አትቅደዱት፤ ነገ አርሙት። የዛሬዋ ተማሪ የነገይቱ ደራሲ ልትሆን ትችላለችና።

ጥያቄ

1. ክሪስቲን ሴቶችን ለሚሰድበው መጽሐፍ እንዴት አድርጋ መልስ ሰጠች?
2. ጄን ኦስተን በሩ እንዲታደስ ስለ ምን አልወደደችም?
3. ሻርሎት ለሳውዚ ምክር ያደረገችው ነገር መታዘዝ ነውን ወይስ አለመታዘዝ? ምክንያቱን ግለጡ።
4. ሰልማ ላገርሎፍ ዕዳ ያለችው ምን ነበር? እናንተስ ለማን ዕዳ አለባችሁ?
5. በቤታችሁ ለማጥናት ጊዜ ያጣ ማን ነው? እርሱን ወይም እርስዋን ለማገዝ ምን ታደርጋላችሁ?